የእነዋሪ መረሬ መንገድ በገለባ አመድ ይጠነክር ይሆን?

የጅሩ ልጅ | የካቲት 9፣ ማታ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሰሜን ሸዋ ጅሩ፣ ከእነዋሪ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ነው። ሜዳችን እንደምታውቁት መረሬ፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው፤ በጥር እግር የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በሐምሌ በቅሎ የሚውጥ ማጥ። ዩራፕ በተባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ጊዜ የተጠረገች መንገድ አለችን። ያኔ ገረጋንቲ ለብሳ ነበር፤ ገረጋንቲው አሁን የት ገባ ብትሉኝ መረሬው ዋጠው እላችኋለሁ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ማብቂያ አይሱዙ ቀርቶ ባጃጅ አይደርስም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወጣው።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። የሰብል ተረፈ ምርት አመድ ጥቁር አፈርን ያጠነክራል የሚሉ ጽሑፎች በዝተው እያየሁ ነው፤ የገለባ፣ የቡና ገለፈት፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው የባጋስ፣ ማለትም የተጨመቀ ሸንኮራ ገለባ፣ አመድ። እኛ ዘንድ ስንዴና ጤፍ ነው ሥራው፣ ገለባ ሞልቷል። ቀበሌው ገንዘብ እያዋጣ ነው፣ የሰው ጉልበትም አለ። ገለባውን አቃጥለን አመዱን ከአፈሩ ጋር ብናደባልቀው ለዚህ ክረምት ይደርስልናል? የምታውቁ እባካችሁ።

ባለ ግሬደር | የካቲት 9፣ ማታ

ወንድሜ፣ አመዱን ለጊዜው ተወውና አንድ ነገር ንገረኝ። መንገዳችሁ ቦይ አለው? ውሃ ማሻገሪያ ቱቦስ? ወይስ መንገዱ ከማሳው እኩል ነው የተኛው?

የጅሩ ልጅ | የካቲት 9፣ ማታ

ቦይ ነበረው፤ በደለል ሞልቷል። አንዳንድ ቦታ ገበሬው ወደ ማሳው ደባልቆ አርሶታል። ቱቦ ሁለት ቦታ አለ፣ አንዱ ተደፍኗል። ከፍታውን ካነሳህ፣ እንዲያውም ከማሳው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ።

ባለ ግሬደር | የካቲት 10፣ ጠዋት

እንግዲያው ያላችሁ መንገድ ሳይሆን ወንዝ ነው። ዝቅ ብሎ በተኛ መረሬ ላይ አመድም ጨምሩ ሲሚንቶ፣ ሐምሌ ላይ ውሃ ይተኛበታል።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። የጅሩ ገበሬ ማሳውን በእጁ መደብና ቦይ እያወጣ ውሃ የሚያጠነፍፈው ከአባቶቹ ጀምሮ ነው። ቢቢኤም የሚባለው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ የመጣው በኋላ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ለሙከራ እነዋሪን ከመረጧቸው ቦታዎች አንዷ ያደረጓት ያለ ነገር አይደለም። ስንዴው ሥሩ እንዳይበሰብስ ይሄን ያህል የሚጨነቅ ሰው መንገዱን ከመደቡ በታች ሲያስተኛው አይገባኝም። መንገድ ማለት እኮ ትልቅ መደብ ነው። ከማሳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጀርባው ይጉበጥ፣ ቦዩም ውሃውን እስከ መውጫው ይውሰደው። ከዚያ በኋላ ስለ አመድ እናውራ።

የላብራቶሪዋ | የካቲት 10፣ ከሰዓት

ባለ ግሬደር ያለው ሁሉ ልክ ነው። አመዱን እኔ ልያዘው፤ የአፈር ፍተሻ ላይ ስለምሠራ ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል።

መረሬ ውስጥ በብዛት ያለው ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ነው። በዓይን የማይታዩ ስስ ንጣፎች ተደራርበው የተሠራ ነው። ውሃ በንጣፎቹ መካከል ይገባና ያራርቃቸዋል፤ ሲደርቅ ይወጣና መልሰው ይጠጋጋሉ። የክረምቱ እብጠትና የበጋው ስንጥቅ ሁለቱም ከዚህ ነው የሚመጡት። የመንገድ አፈር ጥንካሬ በሲቢአር ነው የሚለካው፤ ደህና የተፈጨ ድንጋይ 100 ቢባል አፈሩ ስንት ይሆናል ማለት ነው። ናሙናው 4 ቀን ውሃ ውስጥ ከርሞ ሲፈተን መረሬ ብዙውን ጊዜ ከ3 በታች ነው የሚያወጣው። በአገራችን የመንገድ ዲዛይን መመሪያ ከ3 በታች ማለት ኤስ1፣ የደካሞች ደካማ ማለት ነው። መመሪያው እስከ ኤስ6 ይሄዳል፤ እዚያ ለመድረስ 30 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ለዚህ አፈር ከጥንት የሚታወቀው መድኃኒት ኖራ ነው፤ በክብደት ከ4 እስከ 8 በመቶ አካባቢ። ኖራ ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ የሚታይ ነው፤ ካልሲየሙ በንጣፎቹ ላይ ያሉትን እነ ሶዲየም ተክቶ ስለሚገባ ሸክላው ውሃ የመጠጣት ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ የሚጣበቀው ጭቃ ይፈረፈራል። ሁለተኛው ቀስ የሚል ነው። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፣ ወደ 12.4 ሲደርስ ሸክላው ውስጥ ያሉት ሲሊካና አልሙና የሚባሉ ንጥረ ነገሮች መሟሟት ይጀምሩና ከካልሲየሙ ጋር ተዋህዶ ሲሚንቶ ዓይነት ማያያዣ ይሆናል። ይሄኛው ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል።

አሁን ወደ አመዱ። የገለባ አመድ የሚያመጣው በዋናነት ሲሊካ ነው፤ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ብቻውን መረሬ ላይ ሲደረግ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የማያብጥ ዱቄት የሚያብጠውን ሸክላ ቦታ ያዘ። ሲቢአሩም እስከ አንድ መጠን ድረስ ከፍ ይላል፤ ካለፈ ግን አመዱ ቀላልና ልል ስለሆነ መልሶ ይወርዳል። ማያያዣው በደንብ የሚፈጠረው ኖራ አብሮ ሲኖር ነው። ያኔ ኖራው ካልሲየም ይሰጣል፣ አመዱ ሲሊካ ይሰጣል፣ የኖራውም መጠን ሊቀንስ ይችላል። ብዙዎቹ ጽሑፎች «አመድ ሠራ» ሲሉ ውስጡን ብታነብ ኖራ ወይም ሲሚንቶ አብሮ ገብቷል።

አቃጠሉም ሌላ ጉዳይ ነው። ሲሊካው የሚሠራው ከ500 እስከ 700 ዲግሪ አካባቢ ተቃጥሎ ቅርጽ ሳይዝ ሲቀር ነው። እሳቱ ከዚያ በጣም ካለፈ ሲሊካው ክሪስታል ይሆንና ይተኛል። በሜዳ ላይ ክምር አቀጣጥለህ የሚወጣው ደግሞ ግማሹ ጥቁር ከሰል ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን የተፈጥሮ ፖዞላን፣ ማለትም ከኖራ ጋር ሲገናኝ ማያያዣ የሚሆን ዱቄት፣ በዓለም አቀፍ መለኪያው ሲሊካው፣ አልሙናውና ብረቱ ተደምረው ከ70 በመቶ እንዳያንሱ፣ ሳይቃጠል የቀረው ደግሞ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚፈለገው።

ሰንጋ አደላቢ | የካቲት 10፣ ማታ

ቆይ ቆይ። ገለባ ማቃጠል አላችሁ? ጅሩ ላይ?

የጅሩ ልጅ ነኝ ያልከው ወንድሜ፣ የጅሩ ሰንጋ አዲስ አበባ በር ላይ ስሙ ሲጠራ በምን የደለበ ይመስልሃል? ገለባ «ተረፈ ምርት» የሚባለው ከብት በሌለበት አገር ነው። እኛ ዘንድ የስንዴው ለከብት፣ የጤፉ ለከብትም ለጭቃ ቤት ምርጊትም ነው፤ የባቄላውንና የጓያውንማ የሚያገኘውም የለ።

እስቲ እናስላው። መንገዱ ስፋቱ 6 ሜትር፣ የሚደባለቀው አፈር ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 1 ኪሎ ሜትር ማለት 1,200 ሜትር ኩብ ነው። ደረቅ ክብደቱን ሜትር ኩቡን በ1.4 ቶን ብንይዘው 1,680 ቶን አፈር። አመዱ 10 በመቶ ቢሆን 168 ቶን ነው። ከ100 ኪሎ ገለባ 7 ወይም 8 ኪሎ አመድ ቢወጣ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 2,100 ቶን ገለባ ታቃጥላላችሁ። አንድ በሬ በቀን 7 ኪሎ ቢበላና 4 ወር ቢደልብ የ2,500 ሰንጋ ገለባ ነው። ለአንዲት ኪሎ ሜትር! ለቀበሌው የሚያዋጣው ሰንጋውን ሸጦ ኖራ መግዛት ነው።

የላብራቶሪዋ | የካቲት 10፣ ማታ

ሒሳቡ ልክ ነው። ይሄን ሒሳብ ብዙ ጽሑፍ ላይ አላየሁትም፤ ላብራቶሪ ውስጥ 5 ኪሎ አመድ ሲበቃ የገለባው ዋጋ አይታሰብም።

አምስተኛ ዓመት ሲቪል | የካቲት 11፣ ጠዋት

ሰላም። የመመረቂያ ሥራዬ በዚሁ ዙሪያ ስለሆነ ልግባ። ገለባ ካልተፈለገ የቡና ገለፈት አመድ አለ፤ አገር ሙሉ የሚጣል ነገር ነው። የባጋስ አመድም ከወንጂና ከመተሐራ ይገኛል። የሁለቱም ሲቢአር ላይ ያላቸው ውጤት ጥሩ እንደሆነ ነው የማነበው። ሰሜን ሸዋም እንደ ሌላው አገር ዕድሉን ቢጠቀምበት?

የላብራቶሪዋ | የካቲት 11፣ ከሰዓት

በርታ፣ ጥሩ ርዕስ ነው የያዝከው። ግን ሁለቱን አመዶች አንድ ላይ አትቁጠራቸው። የቡና ገለፈት አመድ የሚበዛበት ፖታሲየም ነው፣ ሲሊካው ትንሽ ነው። ፖታሲየሙ በውሃ የሚሟሟ ጨው ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ዝናብ ሊያጥበው ይችላል። አንተ ያነበብካቸው ውጤቶች ናሙናው ውሃ ውስጥ ከርሞ ነው ወይስ ሳይከርም የተገኙት? ከከረመስ በኋላ እርጥብና ደረቅ እየተፈራረቀ ተፈትኗል? መረሬን የሚገድለው እርጥበቱ ሳይሆን መፈራረቁ ነው። መመረቂያህ ላይ ይሄን ፍተሻ ካስገባህ ከብዙዎቹ ትቀድማለህ።

የባጋሱ ይሻላል፤ ሲሊካው ብዙ ነው። የፋብሪካ ቦይለር ውስጥ ለሌላ ሥራ የተቃጠለ ስለሆነ የሰንጋውንም ገለባ አይሻማም። ችግሩ ከሰል ይቀላቀልበታል፣ ከፊሉም በኃይለኛ ሙቀት ክሪስታል ሆኗል፤ ስለዚህ በወንፊት መነፋትና መፈጨት ይፈልጋል። ከዚያ ትራንስፖርቱ አለ።

ከአረርቲ | የካቲት 11፣ ማታ

ለእኛ ለምንጃሮች ከሰም ስኳር ፋብሪካ ቅርብ ነው፤ ምንጃርም ጥቁር አፈሩ አይታማም። በእናንተ አያያዝ ባጋስ ለምንጃር እንጂ ለጅሩ አይሆንም ማለት ነው። ከቆላ አመድ ጭኖ እነዋሪ ድረስ ሽቅብ የሚወጣ ሹፌር ዋጋውን ስታዩት ገረጋንቲ ይረክሳል። ጅሩዎች ቅር አይበላችሁ።

የደነባዋ | የካቲት 12፣ ጠዋት

ልጆች፣ እናንተ የምትፈልጉት አመድ እኮ እኛ በየቀኑ ከምድጃ የምንጠርገው ነው። እዚህ ደጋ ላይ ማገዷችን ኩበትና ባሕር ዛፍ ነው። የኩበት አመድ እንደ እንጨት አመድ ጥቂት አይደለም፤ አንድ ቅርጫት ኩበት ካነደድሽ ሩቡ አመድ ሆኖ ይተርፋል። ጥቂቱን ለጎመን መደብ እናደርገዋለን፣ ጥቂቱን ነቀዝ እንዳይበላው ከባቄላ ዘር ጋር፣ የቀረው ጓሮ ይደፋል። ክረምት ላይ በር ላይ ያለ ጭቃ ሲያዳልጠን የምንበትነውም እሱኑ ነው። ይሄ አይሆንም ወይ? የሚያዋጣ ከሆነ ሴቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት እናጠራቅማለን።

የላብራቶሪዋ | የካቲት 12፣ ከሰዓት

እማማ፣ ከሁሉም የእርስዎ ሐሳብ ነው ደስ ያሰኘኝ። አንድ ቤት በቀን 5 ኪሎ ኩበት ቢያነድ፣ እርስዎ እንዳሉት ሩቡ አመድ ከሆነ፣ በዓመት ወደ 4 ኩንታል ተኩል ይመጣል። ያ 168 ቶን ወደ 370 ቤት የአንድ ዓመት አመድ ማለት ነው። ብዙ ነው፣ ግን ገለባ እንደ ማቃጠል የማይታሰብ አይደለም።

የኩበት አመድ ሲሊካው ከብቱ ከበላው ሣርና ገለባ ነው የሚመጣው፤ መሬት ላይ ሲለጠፍ የያዘውም አፈር አለበት። የባሕር ዛፍ አመድ ደግሞ ካልሲየም ይበዛዋል፣ ይሄ ለኛ ጥሩ ነው። ከየቤቱ የሚመጣው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ከሰል ያለበት፣ አንዱ አሸዋ የገባበት። መነፋት አለበት፣ ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። ጓሮ ተደፍቶ ዝናብ የመታው አይረባም። ደግሞ አደራ፣ ለጎመኑ የሚሆነውን ለመንገድ ብላችሁ አትከልክሉት።

የጅሩ ልጅ | የካቲት 12፣ ማታ

እማማ እግዜር ይስጥልን። እህቴ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኖራውን በተመለከተ፣ ደጋ ያሉ ዘመዶቼ ለአሲዳማ መሬት የሚበተን ኖራ ያገኛሉ። እሱን ብንጠይቅስ? ለሚ ደግሞ ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል፣ ለእኛ ቅርብ ነው። ሲሚንቶ ብቻ ብንጨምርስ?

የላብራቶሪዋ | የካቲት 13፣ ጠዋት

ለእርሻ የሚሰጠው አይሆንም። እሱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሳይቃጠል። ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል፣ ፒኤቹን ከ8 ብዙም አያሳልፈውም፣ የአፈሩን ሲሊካ አያሟሟም። ለመንገድ የሚያስፈልገው የተቃጠለው ነው፤ ከእሳት የወጣው ወይም ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነው። ከሁለቱ ውሃ የጠጣውን ምረጡ። ያልጠጣው ላብ ሲነካው ይፋጃል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። የጠጣውም ቢሆን ጓንትና የዓይን መከላከያ ይፈልጋል። በባዶ እግሩ የሚበትን ልጅ እንዳላይ።

ሲሚንቶ መረሬ ውስጥ አይደባለቅም፤ ጓሉ አይደቅለትም፣ ከመደባለቁ በፊትም መጥበቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ኖራ ጓሉን ካፈረሰ በኋላ ሲሚንቶ የሚጨምሩ አሉ፣ ለገጠር መንገድ ግን ዋጋው አይቻልም።

ሌላው የሰዎቻችን ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ልናገር፦ ወደ ጀማ በረሃ ሲወረድ ጂፕሰም ያለበት አፈር አለ፤ ጂፕሰም ደግሞ ሰልፌት አለው። ሰልፌት ያለበት አፈር ላይ ኖራ ሲገባ ጭራሽ የሚያብጥ ማዕድን ይፈጠራል። ለጅሩ ሜዳ ብዙም አልሰጋም፣ ግን የናንተን አፈር ሳይፈተሽ «ለሚ በኩል ሠርቷል» ብላችሁ እንዳትገለብጡ፤ ለሚዎችም ከናንተ እንዳይገለብጡ።

ባለ ግሬደር | የካቲት 13፣ ማታ

አደባለቁን እኔ ልንገርህ፣ ሥራው የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። መረሬ ደርቆ ጓሉ ድንጋይ ሲሆን አይደቅም፤ ሲረጥብ ደግሞ ከብረቱ ላይ አይላቀቅም። መሀሉን ማግኘት አለብህ። የትራክተር ዲስክ ካገኛችሁ ከግሬደር ይሻላችኋል። አፈሩን ገልብጦ በተደጋጋሚ መቆራረጥ፣ የኖራውን ከረጢት በካሬ ለክቶ ማስቀመጥ፣ ቀዶ በሬክ መዘርጋት። ነፋስ ባለበት ሰዓት አይሆንም፣ ኖራውና አመዱ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ ቦቴ ውሃ፣ እንደገና ዲስክ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማሳደር። ካደረ በኋላ ጓሉ በእጅህ ሲፈርስ ታየዋለህ። እንደገና ደባልቆ ባለ ጥርስ ሮለር፣ ሺፕፉት የምንለው፣ ማስገባት። አመድ የገባበት አፈር ከጥሬው ይልቅ ውሃ ስለሚፈልግ ቦቴው እንዳያጥርባችሁ።

በመጨረሻ ገረጋንቲ ይለብሳል። ይሄን አትርሱ። ኖራና አመድ የበላው አፈር ለጎማ ፊቱን አይሰጥም፤ ከሥር ሆኖ ገረጋንቲውን እንዳይውጥ ነው ሥራው።

የላብራቶሪዋ | የካቲት 13፣ ማታ

ጊዜውን ልጨምር። እነዋሪ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ያ ዘገምተኛው ማያያዣ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከ10 ዲግሪ በታች በጣም ይጎተታል። ኅዳርና ታኅሣሥ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ሰው ይቸኩላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ይሻላል፤ የበልጉ ጠብ ጠብ ካልረበሸ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሳምንት እርጥበቱን ጠብቆ፣ ከባድ መኪና ሳይወጣበት፣ እስከ ሰኔ ይጠነክራል። ግንቦት ማብቂያ ላይ ቢሠራ ክረምቱ ሳይጠነክር ያገኘዋል።

ሰንጋ አደላቢ | የካቲት 14፣ ጠዋት

ታዲያ ለምን መንገዱን በሙሉ? ሁላችንም የምናውቃቸው አይሱዙ የሚቀረቀርባቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች ናቸው። እነሱን ብቻ።

የላብራቶሪዋ | የካቲት 14፣ ከሰዓት

እኔም ወደዚያው ነበር የምሄደው። አንዱን ክፉ ቦታ ምረጡና 150 ሜትር ሥሩ፣ ሦስት እኩል ክፍል አድርጋችሁ። አንዱ 50 ሜትር ኖራና አመድ፣ ቀጥሎ ኖራ ብቻ፣ ሦስተኛው ያለ ምንም። ሦስቱም እኩል ከፍ ይበሉ፣ እኩል ቦይ ይኑራቸው፣ እኩል ገረጋንቲ ይልበሱ። በጋሽ አደላቢ ሒሳብ 50 ሜትር 84 ቶን አፈር ነው። ኖራው 3 በመቶ ቢሆን ወደ 25 ኩንታል፣ አመዱ 8 በመቶ ቢሆን ወደ 67 ኩንታል። ትክክለኛው መጠን ከፍተሻው ነው የሚወጣው፤ ኖራ ብቻ የሚገባበት ክፍል ምናልባት ከፍ ያለ ኖራ ይፈልጋል። 67 ኩንታሉን የእማማ ሰፈር ሰዎች ያወጡታል። ያለ ምንም የተተወው ክፍል መንገዱን እንዳይቆርጥባችሁ ብላችሁ በኋላ ኖራ እንዳትረጩበት። እሱ ከሌለ አመዱ ይሥራ ቦዩ ይሥራ አይታወቅም።

አምስተኛ ዓመት ሲቪል | የካቲት 14፣ ማታ

ለዚህ ከሆነ ፍተሻውን መመረቂያዬ ላይ ላስገባው? አማካሪዬን አነጋግራለሁ። እርጥብና ደረቅ የማፈራረቁንም እጨምራለሁ።

የጅሩ ልጅ | የካቲት 15፣ ጠዋት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀበሌው እሑድ ይሰበሰባል፣ ቦዩ አስቀድሞ እንዲጠረግና ያረሱትም እንዲለቁ አነሳለሁ፤ እሱ ላይ ጠብ እንዳለ አውቃለሁ። የአፈር ናሙና ስንት ኪሎ ነው የምንልከው? ከየትስ ይቆፈር?

የላብራቶሪዋ | የካቲት 15፣ ከሰዓት

ከሁለት ጉድጓድ፣ ከየጉድጓዱ አንድ ሙሉ የማዳበሪያ ከረጢት። የላይኛውን ሥርና ፍግ ያለበትን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አንስታችሁ ጣሉ፣ ከዚያ በታች ያለውን ውሰዱ። ከረጢቱ ውስጡ ላስቲክ ያለው ይሁን፣ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፤ የዩሪያ ጨው የቀረበት ከረጢት ፍተሻውን ያበላሻል። ቦታውንና ጥልቀቱን በወረቀት ጽፋችሁ ውስጥ ክተቱ፣ ውጭ ላይ ከተጻፈ ይፋቃል። አመዱን ለብቻው፣ ከአሥር ቤት ትንሽ ትንሽ ቀላቅላችሁ፣ ግማሽ ከረጢት ይበቃል። ኩበት የሚበዛበትና እንጨት የሚበዛበት ቤት እንዳይደባለቅ ሁለት ቦታ ብታደርጉልኝ ደግሞ በጣም ነው የምትረዱኝ።

ባለ ግሬደር | የካቲት 15፣ ማታ

ሮለሩን አሁኑኑ ተነጋገሩ። መጋቢት ላይ ሁሉም ሰው ነው የሚፈልገው፣ ኪራዩም ያን ጊዜ ነው የሚወጣው። ለሦስት ቀን ሥራ ጭኖ ማምጣትና መመለሱ ከሥራው በላይ እንዳይሆንባችሁ፣ በአካባቢው ሌላ ሥራ ያለው ሰው ፈልጉ።